ብርሃኑን የቀመሰችው ኖላዊት

ኖላዊት ደበሌን አንድ ነገር የጠየቀ ሰው መልስ ይዞ አይመለስም፤ ሌላ ጥያቄ ተሸክሞ ነው የሚመለሰው። ሲቀላ በሚባለው የከተማው ታችኛ ሰፈር ክንፉ የሚባል ሰው ድምፅ ማጉያ፣ ጄኔሬተርና የመድረክ መብራት የሚያከራይበት ሱቅ አለው፤ እሷ የዚያ ሱቅ ባለሙያ ናት። «ለሠርጋችን ሁለት ድምፅ ማጉያ ይበቃናል?» ብላችሁ ብትገቡ፣ ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ የማታው ነፋስ ከአባያ ሐይቅ በኩል ይመጣ እንደሆነ፣ ጎረቤት የታመመ ሰው ይኖር እንደሆነ ትጠይቃችኋለች። ሁሉንም ከነገራችኋት በኋላ ራሷን አከክ አድርጋ «እስኪ እንየው» ትላለች። የሙሽራው ልብ የሚወልቀው ይሄኔ ነው። ሰው ወደ ባለሙያ የሚሄደው «አዎ» ለመባል እንጂ አብሮ ለመጨነቅ አይደለም።

ይህን አመል ከዩኒቨርሲቲ አላመጣችውም። ላንቴ የምትባል ገጠር ተወልዳ ሙዝ መሃል ነው ያደገችው። አባቷ ደበሌ አረንጓዴውን ሙዝ ቆርጦ ለነጋዴ ሲያስረክብ «መቼ ይበስላል?» ቢሉት «በሳምንቱ» ብሎ ይገላገላል። ልጅቷ ከኋላው ሆና «ሙቀቱ ነው የሚወስነው፤ ደግሞ ከታች የተጫነው ቀድሞ ነው የሚበስለው» ትላለች። ነጋዴዎቹ ይስቃሉ፣ ደበሌ ያፍራል። ስታድግ ይተዋታል የተባለው አመል አብሯት አደገ፣ አብሯት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ፣ አብሯት ሥራ ፈልጎ አጣ፣ በመጨረሻም አብሯት ክንፉ ሱቅ ገባ። ክንፉ በየቀኑ ይበሳጭባታል፤ ነገር ግን እሷ ከመጣች ወዲህ አንድም ገመድ ስላልተቃጠለበት አያሰናብታትም።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ቁርጥ ያለ መልስ ስጪን ያሏት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዲት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የተመሠረቱበትን ሃያ አምስተኛ ዓመት ሊያከብሩ ተነሡ። በዓሉ እሑድ አመሻሽ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ነው። ክንፉ ለዚሁ ብሎ ከአዲስ አበባ አንድ ያገለገለ የሌዘር መብራት አመጣ፤ የጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ነገር፣ ከፊቱ ጠባብ መስኮት ያለው። ውስጡ ሁለት ጥቃቅን መስታወቶች እየተርገበገቡ አረንጓዴውን ጨረር ወዲያና ወዲህ ይበትኑታል። ክንፉ በስልኩ የሆነ አገር ዝግጅት አይቷል፤ ጨረሩ ሕዝቡ ላይ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ሕዝቡም እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ቪዲዮውን ለበዓሉ ኮሚቴ አሳየ፤ ኮሚቴውም አንድ ቃል ሆኖ «እንዲህ ይሁንልን» አለ።

«ሰው ላይ ነው የሚወርደው?» አለች ኖላዊት።

«አዎ፣ ሰው ላይ። ግድግዳ ላይማ ማንም ያበራል» አለ ክንፉ።

«ዓይናቸው ላይስ?»

«ሰው ላይ ከወረደ ዓይኑም ላይ ይወርዳላ። ምን ላድርግ፣ ዓይናቸውን ቤት ጥለው ይምጡ ልበል?»

ኖላዊት ሥራዋን በወጉ ነው የጀመረችው፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ሜዳውን ዞረች። ወንበሮቹ እስከ የት እንደሚደረደሩ፣ ወንበር ያጣው ሕዝብ የት እንደሚቆም፣ ከቆመውም ውስጥ የትኛው የድንጋይ አጥሩ ላይ እንደሚወጣ አሰበች፤ አጥሩ ላይ የሚወጣ ሰው መቼም አይጠፋም። በጎን በኩል አዲስ ቆርቆሮ ታጥሯል፤ ጨረሩ እሱ ላይ ቢያርፍ እንደ መስታወት ወደ ሰው ይመልሰዋል። ከኋላ ደግሞ አስፋልቱ አለ፤ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ቁልቁል የሚመጣ ሾፌር ድንገት አረንጓዴ ብርሃን ዓይኑ ውስጥ ቢገባበት ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ ስታስብ ራሷ ዞረ።

ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ ይሄኔ የባሰ ተምታታባት። ያነበበችው ሁሉ ጨረሩ ሰው ሊቆምበት ከሚችለው ቦታ ሦስት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይለፍ ይላል። ወደ ሰው ይውረድ ከተባለ ግን ጉልበቱ በየወንበሩ በመሣሪያ መለካት አለበት። መስታወቶቹ ሲርገበገቡ ጨረሩ ዓይን ላይ ብልጭ ብሎ ያልፋል፤ ድንገት ቀጥ ካሉ ግን ያ ሁሉ ብርሃን በአንድ ሰው ዓይን ላይ ይቆማል። መለኪያው ሲቀላም የለ፣ ሴቻም የለ። የድሮ መምህሯን ብትጠይቀው «እኛ ያለን ለትንሿ የመማሪያ ሌዘር ነው፤ ያንቺው ያቃጥልብናል» አላት። መለኪያ የሚያቃጥል ነገር ዓይንን ምን እንደሚያደርግ እዚያው ማሰብ ነበረባት። እሷ ግን ስለ መለኪያው አዘነችና ሄደች።

የማሽኑ ጉልበትም በቅጡ አይታወቅም። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግማሹ ተልጧል፤ የቀረው አንድ ቁጥር ይላል። መመሪያው ሌላ ይላል። የሸጠላቸው ሰውዬ በስልክ ሦስተኛ ቁጥር ነገራቸው። በአንዱ ብታሰላው ከፊት ወንበሮች ወዲያ ስጋት የለም፤ በሌላው ብታሰላው ሜዳውን አልፎ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ አደጋ ነው። የቱን ትመን? አንዱን ስታምን ፈሪ የሆነች ይመስላታል፣ ሌላውን ስታምን ነፍሰ ገዳይ።

በዚህ መሃል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ጉግሳ መጡ። የገረሴ ሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰው የሚያስጨንቁ።

«ልጄ» አሉ ወንበር ስበው፣ «እኛ የዚህን ዕቃ ሆድ ዕቃ አናውቅም። አንቺ ደህና ነው ካልሽ ይደረጋል። አይደለም ካልሽ ይቀራል። እስኪ እንየው ግን አትበይኝ። እሑድ ደርሷል።»

ክንፉ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ሆኖ ጣሪያውን አየ።

እዚህ ላይ የእናቷን ነገር መናገር ግድ ነው። በለጥሽ ቤት ያልተቀመሰ ነገር ለሰው አይሰጥም። አጥሚት ይሁን ወተት፣ ውሃም ቢሆን፣ ተቀባዩ እያየ አንድ ጊዜ ፉት ብላ ነው የምታቀብለው። ሰው በመርዝ ይፈራራ ከነበረበት ዘመን የመጣ ልማድ ነው ይባላል፤ በለጥሽ ግን መርዙን ረስታዋለች፣ የቀራት ደግነቱ ነው። ሳይቀምሱ ማቅረብ በእሷ ቤት ነውር ነው። ልጅቷም በዚያው ወጣች፤ ለታመመ ጓደኛ ሽሮፕ ስታጠጣ እንኳ በማንኪያው ጫፍ ሳትቀምስ አታልፍም።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ራሴ ልቅመሰው» አለች።

የጋሽ ጉግሳ ፊት ፈካ። ከዚህ የሌዘር ወሬ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባቸው ነገር ይህ ነበር።

ፀሐይዋ ጥልቅ ስትል ሜዳው ላይ ሞከሩት። ክንፉ ኮምፒውተሩ ጋ ቆመ፣ የጭስ ማሽኑን አስነሣ፤ የሐይቁ ነፋስ ጭሱን እየጠራረገ ቢያስቸግርም የተረፈው በቂ ነበር። ኖላዊት ፊት ለፊት ካሉት የፕላስቲክ ወንበሮች መሃል ላይ ካለው ተቀመጠችና ዓይኗን ከፍታ ጠበቀች። አረንጓዴው መጣ። እንደ መጋረጃ እየተጣጠፈ ወረደ፣ ፊቷን አልፎ ሄደ፣ ተመለሰ። አልሞቃትም፣ አላቃጠላትም፣ እንባ እንኳ አልመጣባትም። እንዲያውም ደስ አላት፤ እንዲህ ባለ የሚያምር ነገር ያን ሁሉ ቀን ስትጨነቅ መኖሯ አሳፈራት። አንዴ ጄኔሬተሩ ሲያስል ብርሃኑም እክል ያዘውና አንድ ነገር ዓይኗ ውስጥ ቦግ አለ። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው።

ተነሥታ «ምንም አይልም» አለች።

ክንፉ ጆሮውን አላመነም። ጋሽ ጉግሳ ትከሻዋን ይዘው መረቋት። ኖላዊት በዚያ ምሽት የሄደችው እንደ ሌላ ሰው ነው፤ መልስ መስጠት እንዲህ ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ ለምን ራሷን እንዳሠቃየች ገረማት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሲያመነታ ኖሮ በአንድ ቀን የሚቸኩለው ግን ይብሳል፤ መቸኮሉንም አያውቅበትም።

አርብ ለምሳ ላንቴ እናቷ ጋ ሄደች። በለጥሽ ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ በሃለኮ ቅጠል ሠርታ፣ ዳጣውን በትንሽ ሳህን አድርጋ አቀረበች፤ እንደ ደንቡ ቀመሰች፤ ልጅቷም እየበላች የሐሙሱን ነገር አወራቻት። ፊት ለፊት ተቀምጣ እንዳየችው፣ ምንም እንዳላላት፣ እሑድም ብርሃኑ ሰው ላይ እንደሚወርድ ነገረቻት። በለጥሽ ልጇ ቀድማ መቅመሷን ስትሰማ ደስታዋ ከፊቷ አልፎ ለእጇ ተረፈ፤ ሳህኑን ደጋግማ ሞላችላት። «የፊት ወንበር ያዢልኝ» አለቻት። ኖላዊትም እሺ አለች።

ወዲያው ዳጣ የነካ ጣቷን ረስታ ቀኝ ዓይኗን አሸችበት። በርበሬው ሲያቃጥላት ጨፈነችውና በግራው እናቷን አየቻት። እናቷ አፍንጫ የላትም።

ጸጉሯ አለ፣ ጆሮዋ አለ፣ የምታወራው አፏ በከፊል አለ። መሃሉ ላይ ግን ፊቷ ጭጋግ እንደበላው ነገር ደብዝዟል። ኖላዊት ዓይኗን ወደ አፉ ብታዞር አፍንጫው ተመለሰና አፉ ጠፋ። በርበሬው ነው ብላ አሰበች። ግን በርበሬው የገባው ቀኙ ውስጥ ነው። ተነሥታ ደጅ ወጣች፤ ሙዝ ላይ የተንጠለጠለ ዘለላ በግራ ዓይኗ ብታይ መሃል ያሉት ሙዞች የሉም፤ በሁለቱ ብታይ ሁሉም በየቦታቸው ናቸው። ደግማ አየች። ደግማ አየች።

«ምን ሆንሽ?» አለች በለጥሽ ከውስጥ።

«ዳጣው ነው እማዬ» አለች። ፈርታ ነበር፤ እናቷን ማስፈራት ግን የበለጠ ፈራች።

በባጃጅ ተመልሳ የዓይን ሕክምና ክፍል ገባች። ጤና ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ መስመር በመስመር የተሠመረ ካርድ ይዛላት «የቱ ጋ ነው የሚጣመመው?» አለቻት። መሃሉ ላይ ይጣመማል። በመሣሪያ ውስጧን አየቻት፤ ብዙ ቆየች።

«ትንሽ ጠባሳ የሚመስል ነገር አለ» አለች። «ከበፊት ነበረ?»

«አላውቅም።»

«በአንድ ዓይን ብቻ አይተሽ አታውቂም?»

ኖላዊት አሰበች። በአንድ ዓይን ብቻ የሚያይ ማን አለ? «አላውቅም» አለች።

«ያ የፀሐይ ግርዶሽ የሆነ ጊዜ ወደ ፀሐይ አይተሻል?»

አይታለች። ያን ጊዜ ከጓደኞቿ ጋር የራጅ ፊልም ዓይናቸው ላይ አድርገው እየተቀባበሉ አይተዋል፤ በየትኛው ዓይን እንደነበር ግን አታስታውስም። ጤና ባለሙያዋ የግርዶሹም ሆነ የሌዘሩ ጉዳት እንዲህ ሊመስል እንደሚችል፣ አዲስ ይሁን አሮጌ በዚህ መሣሪያ መለየት እንደማትችል ነገረቻት። ሊሻላት ይችላል፣ ላይሻላትም ይችላል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ጻፈችላትና ሸኘቻት።

ኖላዊት ደጁ ላይ ቆማ ቀረች። ብርሃኑ ጎድቷት ከሆነ፣ እሑድ ዓይኑን ከፍቶ የሚጠብቀውን ያን ሁሉ ሕዝብ ያሳወረችው እሷ ልትሆን ነው። ግርዶሹ ከሆነ ደግሞ፣ በአሮጌ ጠባሳ የሰው በዓል ልታበላሽ ነው። በደህናው ዓይኗ ስታይ መንገዱ ላይ ሁሉም ነገር ልክ ነው፤ በሌላው ስታይ ባጃጁ አለ፣ ሾፌሩ የለም። የቱን ይዛ ትሂድ? አልቅሳ ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ለልቅሶም ቢሆን ግን ምክንያቱ መታወቅ አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ጉግሳንና ክንፉን ሜዳው ላይ አገኘቻቸው። ክንፉ የማሽኑን መቆሚያ እያጠበቀ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ግርዶሹንም አልደበቀችም።

«ግርዶሹ ነዋ» አለ ክንፉ ወዲያው። «አንድ ጊዜ ቦግ ስላለ ዓይን ይጠፋል እንዴ? እኔ ስንት ዓመት መብራት ሳይ!»

«ሊሆን ይችላል» አለች።

«ታዲያ ምን ትያለሽ? ሐሙስ ምንም አይልም አልሽ። እኛም ሕዝቡን ብርሃን ይወርድላችኋል አልን።»

ጋሽ ጉግሳ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ልጄ፣ አንድ ነገር መልሺልኝ። ዓይንሽን የነካሽ ይህ ብርሃን ነው ወይስ አይደለም?»

«አላውቅም፣ ጋሽ ጉግሳ።»

«ቀምሰሽ የለ?»

«ቀመስኩ። ስህተቴም እሱ ነው» አለች። «ከድስት አንድ ጉርሻ የቀመሰ ድስቱን ሁሉ ቀመሰ። ይሄ ግን ድስት አይደለም። እኔ የቀመስኩት አንድ ወንበር ነው፣ ለአንድ አፍታ። ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ ምን እንደሚያርፍ፣ ማሽኑ ከቆመ ማን ላይ እንደሚቆም አልቀመስኩም። ደግሞ ሲጎዳ አያምም። ቀምሼ ተርፌያለሁ ብዬ ነገርኳችሁ፤ መትረፌን አሁን አላውቅም።»

«እና ይቅር ነው የምትይው?»

«ይቅር ለማለትም እርግጠኛ አይደለሁም። ካላወቅኩ ግን ወደ ሰው አይውረድ። ወደ ላይ ይነሣ።»

ክንፉ ብሎን ማጥበቂያውን መሬት ላይ ጣለው። ጋሽ ጉግሳ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። አንድ ሰው ዓይኔ ታመመ እያለ ምክንያቱን አላውቅም ሲል፣ አንድ ባለሙያ ሐሙስ አዎ ብሎ ቅዳሜ አላውቅም ሲል፣ ምን ብሎ መወሰን ይቻላል? ግራ እንደገባቸው ፊታቸው ያስታውቃል።

«አልገባኝም» አሉ በመጨረሻ። «እውነቱን ለመናገር ምንም አልገባኝም። ይነሣ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ኖላዊት አላመነታችበትም። ማሽኑን በብረት መቆሚያው ጫፍ ላይ ከፍ አድርጋ አሰረችው። ከመስኮቱ ፊት በታች በኩል ጥቁር ቀለም የተቀባ ላሜራ ገጠመችበት፤ ማሽኑ ቢያብድ እንኳ ቁልቁል ማየት እንዳይችል። ጨረሩ ከሰው ራስ በጣም ከፍ ብሎ ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑ ከፍተኛ ግድግዳ ላይ እንዲያልቅ አደረገች፤ በመንገዱ ቆርቆሮም አስፋልትም የለም። ላንቴ ደውላ ነገሩ መለወጡን ለእናቷ ልትነግራት አሰበች፤ ግን «ለምን?» ትላታለች። ያን ስታስረዳ የዓይኗ ነገር ሊወጣ ነው። ተወችው።

እሑድ ሜዳው ሞላ። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ አብሮ ዘመረ፣ አጥሩ ላይ የሚወጣውም እንደ ታሰበው ወጣ። ሰማዩ ሲጠቁር አረንጓዴው ብርሃን ከራስ በላይ ተዘረጋ። ያምር ነበር። ሩቅ ግን ነበር። ኖላዊት ከማሽኑ ሥር ቆማ የሰዎቹን ፊት ለማየት ሞከረች፤ ከዚያ ርቀት በየትኛውም ዓይን ፊት አይለይም። ጸሎት ተደርጎ ሕዝቡ ሲበተን «ይወርዳል አላሉንም እንዴ?» የሚል ማጉረምረም ሰማች። ልክ ሠርታ ይሁን ሰው አሳዝና፣ የሚነግራት አልነበረም፤ ያልደረሰን ጉዳት ማን አይቶ ይመሰክራል።

ገመዱን እየጠቀለለች ሳለ በለጥሽ በሰው መሃል እየተጋፋች መጣች። ነጭ ነጠላዋን በደንብ አጣፍታለች፤ ፊቷ ላይ ግን ቅሬታ አለ። በጋሞኛ ነው ያወራቻት።

«ምነው ልጄ፣ ብርሃኑ ሳይወርድ ቀረ?»

«ከፍ አደረግነው፣ እማዬ።»

«ከፊት ሆነን ስንጠብቀው አመለጠን! አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ፈርተው ነበር እኮ። ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ ሸሸጓቸው፣ ራሳቸውም ዓይናቸውን ሊጨፍኑ ሲሉ እኔ ነኝ የተቆጣኋቸው። ልጄ ራሷ ቀድማ አይታዋለች፣ ምንም አይልም፣ አትጨፍኑ፣ ልጆቹንም ቀና አድርጓቸው አልኳቸው። እሺ አሉኝ። መስመሩ ሁሉ ዓይኑን በልቅጦ፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፣ ዝማሬው እስኪያልቅ ሽቅብ እያየን ጠበቅነው።»

ኖላዊት ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ስንት ልጆች ነበሩ?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ ብዙ ናቸው» አለች በለጥሽ፣ አሁንም ቅር እንዳላት። «ለሌላ ጊዜ ከሆነ ግን በጊዜ ንገሪኝ፣ ቀድሜ እንዳስቀምጣቸው።»

ኖላዊት «እሺ እማዬ» አለችና ገመዱን ለመጠቅለል ጎንበስ አለች። ገመዱ አልጠቀለል አላት፤ እናቷ ተቀብላት ጠቀለለችላት።